ሼርሎክ በ486 ኮምፒውተር ላይ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ሼርሎክ ኤቨረት ኬዘር የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር በ1991 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ለሚሠሩ ኮምፒውተሮች ሠርቶ በሼርዌር መልክ፣ ማለትም ሰው በነፃ ቀድቶ ሞክሮ ከወደደው በሚከፍልበት መንገድ፣ ያሰራጨው የሎጂክ ጨዋታ ነው። እኔ የምጫወተው ኤምኤስ ዶስ 6.22 በተጫነበት፣ 486 ፕሮሰሰር ባለው አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ ከተቀመጠ ወራት አልፈዋል፤ መጀመሪያ ላይ ካየኋቸውና ከሞከርኳቸው በርካታ የዚያ ዘመን ጨዋታዎች መካከል ግን እስከ ዛሬ በየሳምንቱ የሚከፈተው ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ከሼርሎክ ጋር አብረው የገቡት አብዛኞቹ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና መልስ ጨዋታዎች ነበሩ። የዚህ ዓይነት ጨዋታ በሼርዌር ዘመን እጅግ ብዙ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥዕልም ሆነ ድምፅ ስለማይፈልግ መጠኑ ትንሽ ነው፤ አንድ ፍሎፒ ዲስክ ይበቃዋል። ለሽያጭም ይመቻል፤ የመጀመሪያውን የጥያቄ ጥራዝ ማንም ሰው እንዲቀዳው በነፃ መልቀቅና የቀሩትን ጥራዞች ላዘዘ ሰው በፖስታ መላክ ይቻላል። ኋላ በተኩስ ጨዋታዎች ስሙ የገነነው የስኮት ሚለር ድርጅት አፖጂ እንኳ በመጀመሪያ ዓመታቱ የጥያቄና መልስ ጨዋታዎችን ያሰራጭ ነበር። የአሠራሩ መንገድ ከዚያም ይቀድማል፤ አንድሩ ፍሉገልማንና ጂም ኖፍ በ1982፣ ቦብ ዋላስ ደግሞ በ1983 ፕሮግራሞቻቸውን «ቅዱ፣ ሞክሩ፣ ከወደዳችሁት ክፈሉ» በሚል መንፈስ ሲለቁ የተጀመረ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከተጫኑ በኋላ ነው። ጥያቄዎቹ የተጻፉት ለአሜሪካ ተጫዋች ነው፤ የ1960ዎቹን የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ተዋንያን፣ የቤዝቦል ተጫዋቾችን፣ የቀድሞ ፕሬዚዳንቶችን ሚስቶች ስም ይጠይቃሉ። ልጅነቱን በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያና በሬዲዮ ያሳለፈ ኢትዮጵያዊ እነዚህን ባያውቅ የሚደንቅ አይደለም፤ ሦስቱን ወይም አራቱን ምርጫ አይቶ በግምት ከመጫን ሌላ አማራጭ የለውም። ግምቱ ቢሳካም ደስታ አይሰጥም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ፋይሉ ያለቀ ዕለት ጨዋታውም ማለቁ ነው፤ ጥያቄዎቹ ተመልሰው ሲመጡ የሚፈተነው ያለፈውን መልስ የማስታወስ ችሎታ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እነሱን ሰርዤ ሼርሎክን አስቀረሁ።

ሼርሎክ ከውጭ የመጣ ዕውቀት አይጠይቅም። ስክሪኑ ላይ ስድስት ረድፎችና ስድስት ዓምዶች፣ በድምሩ 36 ሳጥኖች አሉ። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ የሥዕል ቤተሰብ አለው፤ ቤቶች፣ የሰው ፊቶች፣ ቁጥሮች፣ ፍራፍሬዎች፣ የመንገድ ምልክቶች፣ በመጨረሻም ጨዋታው ስሙን የወሰደለትን የልብ ወለድ መርማሪ የሼርሎክ ሆልምስን የአባት ስም (HOLMES) የሚሠሩ ስድስት የእንግሊዝኛ ፊደላት። ጨዋታው ሲጀመር በየሳጥኑ ውስጥ የዚያ ረድፍ ስድስት ሥዕሎች በትንሹ ተደርድረው ይታያሉ፤ ይህም ማለት ከእነዚህ አንዱ ብቻ እዚህ ይቀመጣል፣ የትኛው እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም ማለት ነው። በማውሱ ግራ ቁልፍ ትክክለኛው ይመረጣል፤ በቀኝ ቁልፍ የማይሆነው ይወገዳል። በቀኝና በታች ፍንጮች አሉ፤ እነሱም በቃላት ሳይሆን በሥዕል የተቀመጡ ናቸው። የታችኞቹ ፍንጮች ሁለት ሥዕሎች በአንድ ዓምድ ውስጥ መሆናቸውን ወይም አለመሆናቸውን ይናገራሉ። የቀኞቹ ደግሞ ስለ ጉርብትና ናቸው፤ ይህ ከዚያ ቀጥሎ ነው፣ ይህ ከዚያ በስተግራ ነው፣ ይህ በእነዚያ ሁለቱ መካከል ነው፣ ወይም አይደለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ላይፍ ኢንተርናሽናል መጽሔት በዲሴምበር 17 ቀን 1962 አምስት ቤቶችን፣ የአምስት አገር ሰዎችን፣ መጠጦቻቸውን፣ ሲጋራዎቻቸውንና የቤት እንስሶቻቸውን የያዘ ጥያቄ አትሞ፣ ውሃ የሚጠጣው ማን እንደሆነና የሜዳ አህያዋ የማን እንደሆነች አንባቢዎቹን ጠይቆ ነበር። ጥያቄውን አንስታይን በልጅነቱ እንደ ፈጠረው እስከ ዛሬ ይወራል፤ ለዚህ ማስረጃ ያቀረበ ሰው ግን የለም። ኬዘር ያደረገው ያንን ወረቀትና እርሳስ የሚፈልግ ጥያቄ ከቃላት አላቅቆ ወደ ሥዕል መለወጥ፣ ከአምስት ወደ ስድስት ማሳደግና አንዱን ጥያቄ በሺህ ማባዛት ነው። እንግሊዝኛ ብዙ የማትወድ እናቴ ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ አንድም ቃል ሳይተረጎምላት ሕጉ ገብቷት መጫወቷን ሳይ የዚህ ውሳኔ ዋጋ ግልጽ ሆነልኝ። ፊደላቱን እንኳ ማንበብ አያስፈልግም፤ እንደ ማንኛውም ምልክት መለየት ይበቃል።

የጨዋታውን ጣዕም ለማሳየት አንድ ትንሽ ምሳሌ ላቅርብ። ቀዩ ቤት በሦስተኛው ዓምድ መሆኑን አስቀድመን አረጋግጠናል እንበል። አንድ ፍንጭ ሙዙ «ቁም» በሚለው የመንገድ ምልክትና በኤስ ፊደል መካከል ተጣብቆ እንደሚቀመጥ ይናገራል፤ ማን በግራ ማን በቀኝ እንደሆነ ግን አይገልጽም። ሌላው ፍንጭ የቁም ምልክቱ ከቀዩ ቤት በስተግራ መሆኑን ያሳያል። ሦስተኛው ኤስ ከቀዩ ቤት ጋር በአንድ ዓምድ ውስጥ እንደማይሆን ይገልጻል። የመጀመሪያውን ፍንጭ ብቻ ይዘን የምናተርፈው ጥቂት ነው፤ መሐል የሚቀመጥ ነገር ዳር ሊሆን ስለማይችል ሙዙን ከአንደኛውና ከስድስተኛው ዓምድ እንሰርዘዋለን። ሁለተኛው ሲጨመር የቁም ምልክቱ ወይ በአንደኛው ወይ በሁለተኛው ዓምድ ይወሰናል። በአንደኛው ከሆነ ሙዙ በሁለተኛው፣ ኤስ በሦስተኛው ይውላል፤ ሦስተኛው ፍንጭ ግን ይህን ይከለክላል። ስለዚህ የቁም ምልክቱ በሁለተኛው ዓምድ ነው፤ ሙዙም ዳር መሆን ስለማይችል በሦስተኛው፣ ኤስ በአራተኛው ይቀመጣል። ሦስት ሳጥኖች በአንድ ጊዜ ተዘጉ። እያንዳንዱ ሳጥን ሲዘጋ ያ ሥዕል ከቀሩት የረድፉ ሳጥኖች ይጠፋል፣ የእሱ መጥፋት ደግሞ ቀደም ሲል ምንም ያልፈየደውን ፍንጭ ሥራ ላይ ያውለዋል፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ አልነቃነቅ ያለ ሰሌዳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተንዶ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ረድፍ ብቻ በ720 መንገድ ሊደረደር ይችላል፤ ስድስቱ ረድፎች በአንድ ላይ ሲታሰቡ የድርድሮቹ ብዛት ባለ 18 አሃዝ ቁጥር ይሆናል። ፍንጮቹ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዱን ብቻ ማስቀረታቸውን ሳስብ፣ በዚያ ዘመን የማስታወሻ አቅም ይህን የሚያዘጋጅ ፕሮግራም የጻፈውን ሰው ማድነቄ አልቀረም። ጨዋታው ከ65,000 በላይ የተቆጠሩ ሰሌዳዎች አሉት። በ16 ቢት የሚጻፉ ቁጥሮች 65,536 መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው የዚህን ብዛት ምንጭ ይገምታል፤ ሰሌዳዎቹ በዲስኩ ላይ አንድ በአንድ የተጻፉ ሳይሆኑ ከቁጥራቸው የሚወለዱ ናቸው ማለት ነው። በቀን አንድ ሰሌዳ የሚፈታ ሰው ለመጨረስ ከ170 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። የጥያቄና መልስ ጨዋታዎቹ በሳምንታት ካለቁ በኋላ ይህን ማስላት ራሱ ደስ ያሰኛል።

ሰሌዳዎቹ ቁጥር ያላቸው መሆኑ በቤታችን ያልጠበቅነውን ጥቅም ሰጠ። ባለቤቴ በላፕቶፑ፣ እኔ በ486ቱ ላይ ተመሳሳይ ቁጥር መርጠን ተመሳሳይ ሰሌዳ እንፈታለን፤ ከዚያም ሰዓታችንን እናነጻጽራለን። እሷ ፍንጮቹን ከላይ ወደ ታች በተራ ትሄድባቸዋለች፤ እኔ በአንድ ሥዕል ዙሪያ ያሉትን ሰብስቤ እጀምራለሁ። በአብዛኛው የምትቀድመው እሷ ናት።

ለተጨነቀ ተጫዋች የእገዛ ቁልፍ አለ፤ ሲጫን የትኛው ፍንጭ የትኛውን ሥዕል እንደሚያስወግድ ያመለክታል። ይህ ከእኛው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ወግ ጋር ይመሳሰላል፤ መልሱ የጠፋው ሰው «ሀገር ስጠኝ» ሲባል አገር ሰጥቶ መልሱን እንደሚሰማው ሁሉ፣ እዚህም እርዳታ የሚገኘው በሽንፈት ዋጋ ነው። ልዩነቱ ሼርሎክ ምክንያቱንም አብሮ ማሳየቱ ነው፤ ስለዚህ ለጀማሪ ከማንኛውም መመሪያ በላይ ያስተምራል። የመጀመሪያዎቹን ሰሌዳዎች እገዛውን ደጋግሞ እየጫኑ መፍታት ምንም ነውር የለውም። «ይህ አይደለም» የሚሉት ፍንጮች ምን ያህል ኃይል እንዳላቸው እኔ የተረዳሁት በዚያ መንገድ ነው።

ጨዋታው እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። በመነሻው ላይ 36ቱ ሳጥኖች እያንዳንዳቸው ስድስት ሥዕል ስለሚይዙ በስክሪኑ ላይ 216 ጥቃቅን ሥዕሎች ይደረደራሉ፤ መነጽር ለሚያደርግ ሰው፣ በተለይ ማታ፣ ይህ ይከብዳል። በቀለም ብቻ የሚለያዩ ሥዕሎች ያረጀ መስታወት ባለው ሞኒተር ላይ ይመሳሰላሉ፤ የሞኒተሩን ብሩህነት ቀንሼ ንጽጽሩን ከፍ ማድረጌ በመጠኑ ረድቶኛል። ቀለም ለመለየት ለሚቸገር ሰው ጨዋታውን ሳይሞክር እንዲገዛው አልመክርም። የሰሌዳው ቁጥር ከፍ ማለቱ ክብደቱን አያመለክትም፤ እኔ እንዳየሁት አንዱ በአሥር ደቂቃ ሲያልቅ ተከታዩ አንድ ሙሉ ምሽት ይወስዳል፣ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክትም የለም። ስለ ድምፁ ብዙ የሚባል የለም፤ የዚያ ዘመን የኮምፒውተር ጩኸት ነው፣ ይዘጋል።

ከጨዋታው ይልቅ የበለጠ ያስቸገረኝ ማሽኑ ነው፤ ይህንም የሚያስብበት ሰው ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ሼርሎክ ከሞላ ጎደል በማውስ የሚኖር ጨዋታ ስለሆነ፣ የማውሱ ድራይቨር (ማውሱን የሚያሠራው ትንሽ ፕሮግራም) ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲጫን መደረግ አለበት። ኳስ ያለው የድሮ ማውስ ሆዱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ መዘውሮች አቧራና ቅባት ስለሚይዙ ጠቋሚው እየዘለለ ይሄዳል፤ ጠቋሚው በጥቃቅን ሥዕሎች መካከል ሲዘል ያልታሰበው ሥዕል ይሰረዛል። ኳሱን አውጥቶ መዘውሮቹን በአልኮል በራሰ ጥጥ መጥረግ የየወሩ ሥራ ሆኗል። ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደው ባትሪ ካለ ቶሎ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያሉ ባትሪዎች ሲያረጁ ፈሳሽ አውጥተው መስመሮቹን ይበላሉ። ፍሎፒዎቹም ዕድሜያቸው እየገፋ ስለሆነ ፕሮግራሙን ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ሌላ ቅጂ በዘመናዊ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ብልህነት ነው። በፍሎፒ ማንበቢያው ምትክ ዩኤስቢ የሚቀበለውን ጎቴክ የተባለ መሣሪያ ማስገባትም ይቻላል፤ እኔ እሱን ከተከልኩ በኋላ ፋይል ማመላለስ ቀሎኛል።

አሮጌ ማሽን ለመግዛት ለማይፈልግ ሰው ዶስቦክስ አለ። ከ2002 ጀምሮ በነፃ የሚሰራጨው ይህ ፕሮግራም ሼርሎክን በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ያስነሳዋል፤ የባለቤቴም አጨዋወት በዚሁ ነው። ሁለት ነገሮችን ብቻ ማስተካከል ይበቃል። የመጀመሪያው የስክሪኑ ምጥጥን ነው፤ የዚያ ዘመን ሞኒተር 4 በ3 ስለነበር ካልተስተካከለ ሥዕሎቹ ጎናቸው ይለጠጣል ወይም ይጨፈለቃል። ሁለተኛው ማውሱ በዶስቦክሱ መስኮት ውስጥ ከታሰረ በኋላ እንዴት እንደሚለቀቅ ማወቅ ነው፤ ኮንትሮልንና ኤፍ10ን አንድ ላይ መጫን ያስለቅቀዋል። እውነቱን ለመናገር የላፕቶፑ ምስል ከእኔው ይጠራል፤ ንክኪ ሰሌዳው ግን ለሁለት ቁልፍ ጨዋታ ስለማይመች የተለየ ማውስ መሰካት ግድ ነው።

ኬዘር ጨዋታውን ከጊዜ በኋላ ለዊንዶውስም አዘጋጅቶታል፤ በዚያኛው ሰሌዳውን ማሳነስም ማሳደግም ይቻላል። ለልጆች ወይም ገና ለሚጀምር ሰው አነስተኛው ሰሌዳ የተሻለ መግቢያ ስለሆነ፣ ድሮ ኮምፒውተር ላይ ለመጫወት የተለየ ፍቅር የሌለው ሰው ከዚያኛው ቢጀምር ይሻለዋል። እኔ በዶሱ ላይ የቆየሁት 486ቱ ከኢንተርኔት ጋር ስላልተገናኘ ነው፤ በዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ የሚመጣ መልእክትም ማስታወቂያም የለም፣ ሰሌዳውም እስኪፈታ ድረስ አይንቀሳቀስም።