እማዬን ባሕር ለማሳየት፦ ከድሬ ወደ ጅቡቲ ለምትሄዱ

ተወልጄ ያደግኩት ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። አባቴ የሸመንደፌር ሠራተኛ ነበር። ጅቡቲ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ቴምርና ሰርዲን ይዞልን ይመጣ ነበር። ባሕሩን ግን ከቤታችን እሱ ብቻ ነበር የሚያውቀው። እማዬ አሁን 71 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የባቡሩን ጡሩንባ ስትሰማ ኖራ፣ ባቡሩ የሚወርድበትን ባሕር አንድ ቀን አላየችም። ዘንድሮ ለገና ከካልጋሪ ስመጣ ሐሳቤ ይሄው ነበር፤ እሷን ባሕር ማሳየት።

ዘመድ የጠቆመን አንድ አስጎብኚ ቢሮ ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ልጄና እማዬ። ሦስት ቀን፣ በሰው 380 ዶላር፣ ሁሉ ነገር ተካቶ አሉን። መኪናው፣ ሆቴሉ፣ ወደ ሙሻ ደሴት የሚወስደው ጀልባ፣ አሳል ሐይቅ፣ ልጄ በቪዲዮ እያየች ስትጓጓለት የከረመችው ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣም ጭምር። ባለፈው ዓመት ሜክሲኮ፣ ካንኩን ሄደን ነበር። እዚያ ተካቷል ካሉ ተካቷል ነው። ገና ስትገቢ እጅሽ ላይ አምባር ያስሩልሻል፣ ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘብ የሚያነሳብሽ የለም። እኔም ያንን ለምጄ 1,520 ዶላር አንዴ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። እንዲህ አታድርጉ።

ረቡዕ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንመጣለን አሉ። እማዬ 9 ሰዓት ተነስታ፣ ጸሎቷን አድርሳ፣ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቁጭ አለች። 10 ሰዓት ሆነ፣ ማንም የለም። ስደውል «መንገድ ላይ ነው»። 12 ሰዓት ላይ «ነዳጅ እየቀዳ ነው»። ረፋዱ ላይ ስልኩ ጭራሽ ተዘጋ። እማዬ ነጠላዋን አላወለቀችም፣ አሁን ይመጣሉ እያለች። መኪናው የመጣው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው! ሹፌሩን አልወቅስም። እሱን የጠሩት የዚያኑ ዕለት ነው፤ ለካ መጀመሪያ ያሰቡት መኪና ድንበር የሚያሻግር ወረቀት አልነበረውም። ይህንን ከሳምንት በፊት ማወቅ አይችሉም ነበር? ደግሞስ እውነቱን ቢነግሩን እማዬን መልሼ አስተኛት አልነበር?

ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ ስንደርስ መሽቷል። መኪና ውስጥ አደርን። ጉልበቷን የሚያማት የ71 ዓመት ሴት ተቀምጣ አደረች፣ አንድ ቃል አልወጣትም። እኔ ነበርኩ እንቅልፍ ያጣሁት። ጅቡቲ የገባነው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነው። የሙሻው ጀልባ በጠዋት ሄዷል። ዓርብ ደግሞ እዚያ የእረፍት ቀን ስለሆነ አገሩ ሁሉ ወደ ባሕር ይወጣል፣ ጀልባ በመከራ ነው የሚገኘው።

እና ዓርብ ጠዋት የአስጎብኚው ሰው መጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፤ «የጀልባው ቀጠሮ ስላለፈ እንደገና ትከፍላላችሁ፣ 45,000 ፍራንክ»። ያሳለፉት እነሱ፣ የምከፍለው እኔ። ፍራንክ ስላልመነዘርኩ በዶላር ልስጥህ ስለው አንዱን ዶላር በ150 አስቦ 300 ዶላር አለኝ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ነው፣ እንደ ፈረንጅ ከ1973 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። በትክክለኛው ሒሳብ 253 ዶላር ነው። እማዬ ፊት መጨቃጨቅ ስላልፈለግኩ ከፈልኩ። ጀልባው ላይ ወጥተን ባለጀልባውን ስጠይቀው ለእሱ የደረሰው 30,000 ፍራንክ ነው። 170 ዶላር እንኳ አይሞላም። ያውም ድሬ ላይ አንዴ ለተከፈለበት ጀልባ።

ባለጀልባውን ግን እግዜር ይስጠው። አማርኛ ስናወራ ሰምቶ ከየት ናችሁ አለን። ከድሬ ስንለው «አቦ! እኔ እኮ ገንደ ቆሬ ነው ያደግኩት» ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ ሁላችንንም እንደገና ሰላም አለን። ደሴቱ ጋ ስንደርስ እማዬን በሁለት እጁ ደግፎ አወረዳት።

ሙሻ ሆቴል ምናምን ብላችሁ የምትሄዱበት አይደለም። የሚያስጠልል ዛፍ ብዙም ስለሌለ ጥላ፣ ምግብና ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ውሃው ግን! የእግርሽ ጥፍር ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። ካንኩን አሸዋው በየጠዋቱ ይጠረጋል፣ ወንበሩ ተደርድሮ ይጠብቅሻል። እዚህ ከእግርሽ ሥር የሚንኮሻኮሸው የኮራል ስብርባሪ ነው። እማዬ ድሪያዋን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች። ጎንበስ ብላ በእፍኟ ቀዳችና ቀመሰችው። ፊቷ ጭምድድ አለ። «ውይ! አባትሽ ሲነግረኝ የሚያጋንን ይመስለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆመች። እኔም ዝም አልኩ።

ማታ የአስጎብኚውን መኪና አሰናበትኩና ቅዳሜን በራሳችን ቆየን። ያው ባለጀልባ በተስማማነው ዋጋ፣ አንድ ፍራንክ ሳይጨምር፣ አርታ ባሕር ዳርቻ ድረስ ወሰደን። ዌል ሻርክ የሚመጣው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ የሚበላው ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነገሮችን ስለሆነ ሰው አይነካም። እዚያ የሚበዙት ገና ያላደጉት ናቸው፤ ያም ሆኖ ያየነው ከጀልባችን ብዙም አያንስም። ሰውየው ራቅ ብሎ ሞተሩን አጠፋና ልጄን «እጅሽን እንዳትዘረጊ፣ ከጎኑ ብቻ ዋኚ» አላት። ጀርባው ላይ ያለውን ነጭ ነጠብጣብ ቆጥራ አልጨርስ አለች። እማዬ ከጀልባው ሆና በስመ አብ እያለች አየችው።

አሳልን አላየንም። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ነው፣ ጨው እንደ በረዶ የተነጠፈበት። ከፍዬበት ቀረ፤ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለምትሄዱ ጥቂት ነገር ልበል። ከውጭ የምትመጡ፣ ቪዛችሁ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ከጅቡቲ ወደ ድሬ መመለሻ የላችሁም። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካላችሁ ግን አያሳስብም። ጉዳያችሁን በጠዋት ጨርሱ፣ ከሰዓት ጫት ከገባ በኋላ ሰው አታገኙም። በክረምት አትሞክሩት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ የድሬ ሙቀት ለምዶኛል የምትሉም ጭምር። ለጀልባ እዚያው ወደቡ ላይ ከባለጀልባው ጋር ተነጋግራችሁ በፍራንክ ክፈሉ። ሆቴላችን ደህና ነበር፣ ንጹሕ ነው፣ ኤሲውም ይሠራል።

ስንመለስ ከጅቡቲው ነጋድ ጣቢያ በባቡር መጣን። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ፓስፖርትም ያዙ። የድሬው አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ስለሚርቅ የሚቀበላችሁ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። እማዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ «አባትሽ በዚህ ነበር የሚያልፈው» እያለች አይሻን አለፍን። ጭኗ ላይ ሃይላንድ ይዛለች፣ የባሕር ውሃ የተቀዳበት። በማግስቱ ቡና ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ጣቱን እየነከረ ቀመሰ።

አስጎብኚው ቢሮ ሄጄ የአሳልንና ለሙሻው ጀልባ ድጋሚ የከፈልኩትን ገንዘብ ጠየቅኩ። መጀመሪያ ደረሰኝ አምጪ አሉኝ፤ ራሳቸው ሳይሰጡኝ። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ 100 ዶላር መለሱ። ለቀረው «ነገ ነይ» ማለት ከጀመሩ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ሐሙስ እበራለሁ፣ ወንድሜ ይከታተልልኛል።