የሞቲቬሽን ሳይኮሎጂ ኮርሱን ጨረስኩት
ስለ ሞቲቬሽን (አንድን ነገር እንድንሰራ ስለሚያነሳሳን ነገር) እና ስለ ስሜት የሚያስተምረውን የ6 ሳምንት የኦንላይን ኮርስ ትናንት ጨረስኩ፣ እውነት ለመናገር የከፈልኩት ብር አይቆጨኝም። ሳይኮሎጂስቱ ማስሎው እ.ኤ.አ. በ1943 የፃፈውን የሰው ልጅ ፍላጎቶች ደረጃ ብዙ ቦታ ስለሰማሁት ቶሎ ቶሎ አለፍኩት፣ እኔን የያዘኝ የሳይኮሎጂስቱ ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. የ1971ዱ ሙከራ ነው፣ ተማሪዎቹ አንድ እንቆቅልሽ በፈቱ ቁጥር 1 ዶላር ሲከፈላቸው ቆይቶ ክፍያው ሲቀር በእረፍታቸው እንቆቅልሹን የሚነኩበት ጊዜ ቀነሰ። ወዲያው ልጄ ትዝ አለችኝ፣ አንድ ገፅ ባነበበች ቁጥር 5 ብር እሰጣት ነበር፣ አሁን ብር ካላየች መፅሐፍ አትከፍትም! በጣም ነው ያዘንኩት። ከዛ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አልጋ ላይ ሆነን አብረን ነው የምናነበው፣ ትናንት "ማሚ አንድ ገፅ ጨምሪልኝ" አለችኝ። የስሜት ክፍሉ ላይ ድምፁ ይቆራረጣል፣ እሱን ቢያስተካክሉት ደስ ይለኛል፣ ወላጆችና አስተማሪዎች ግን ውሰዱት።