ለወንድሜ ጉዳይ እስከ መጨረሻ ለቆመችልን እህት

ሰላም የቨርጂኒያና የዲሲ አካባቢ ወገኖቼ። ልጻፍ ስል ስተወው ወራት አለፉ። የዚህችን ልጅ ውለታ ሳልናገር ብቀር ግን ህሊናዬ አይለቀኝም።

ታላቅ ወንድሜ የአእምሮ ሕመም ነበረበት። መድኃኒቱን ሲያቋርጥ እንቅልፍም ምግብም የለም፣ እንግሊዝኛውም ይጠፋዋል። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ሲገባ፣ እንግዲህ የሚያየው ሰው አገኘ ብለን እፎይ አልን። በአስራ አንደኛው ሌሊት ስልክ ተደወለ። ከዚያ በኋላ ብንደውል ብንመላለስ መልስ የሚሰጠን ጠፋ። ዕቃውን በላስቲክ አድርገው ሰጡን፤ ውስጡ አንድ እግር ጫማ ብቻ ነበር። እናቴ የሌላኛውን ነገር ስንት ወር ጠየቀች መሰላችሁ።

ጠበቃ ስንፈልግ ያየነውን አይጣል ነው። አንዱ መንግሥት አይከሰስም ብሎ ሸኘን። ሌላው ገና ሳይሰማን ገንዘብ ጠየቀ። ሦስተኛው ወረቀታችንን ተቀብሎ ሰባት ወር አስቀመጠው፤ ስንደውል "ሁለት ዓመት አላችሁ፣ አትቸኩሉ" ይለናል። ስማቸውን አልጠራም፣ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ።

ይህችን ልጅ ያገኘናት በቤተ ክርስቲያን ሰው በኩል ነው። ጠበቃ አይደለችም፣ ጠበቃ ቢሮ የምትሠራ ያገራችን ልጅ ናት። በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ያረፈበት ቀን መቼ ነው?" ብላ ነው። ስነግራት ዝም አለች። ለካ ክስ ለመመሥረት ሁለት ዓመት ቢኖርም፣ ስቴቱን ለመጠየቅ በአንድ ዓመት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የቀረን አስራ ዘጠኝ ቀን ነበር! በዚያው ሳምንት ደብዳቤው ተላከ። እናት ወይም እህት ስለሆኑ ብቻ መክሰስም አይቻልም፣ በፍርድ ቤት የሟች ወኪል መሆን ይጠይቃል። እሱንም እጄን ይዛ አስጨረሰችኝ። የቀረውን የሕግ ነገር እስካሁንም አልገባኝም፣ እሷና ጠበቃው ይወቁት።

እናቴ ግን አልፈርምም አለች። "ጉማ የሚበላው ታርቆ ነው። እኔ ከማን ጋር ታረቅኩ?" ልጅቷ አልተከራከረቻትም። "እውነትዎን ነው እማማ። እነዚህ ከፍለውም ጥፋታችን ነው ላይሉ ይችላሉ። የሆስፒታሉን ፋይል ግን እናገኛለን፣ እንዴት እንዳረፈ ያውቃሉ" አለቻት። እናቴ የፈረመችው ለዚህ ነው።

ፋይሉ ሲመጣ አንድ ቅዳሜ ቤታችን መጥታ ገጽ በገጽ በአማርኛ ታነብልን ጀመር። መሃል ላይ ቆመች። መነጽሯን አውልቃ ወደ በረንዳ ጠራችኝ። ነርሷ "ትርጉም የሌለው ድምፅ ያሰማል" ብላ ጽፋ፣ የሰማችውን በእንግሊዝኛ ፊደል አስፍራዋለች። "እማዬ፣ ውሃ" ነው የሚለው። ስንት የተማረ ሰው ያንን ገጽ አገላብጦት አልፏል! ሆስፒታሉ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ነበረበት፤ ማንም አልጠራለትም። "ለእናትሽ ላንብበው ወይስ ልለፈው?" አለችኝ። እናቴ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ "አንብቢው ልጄ" አለች። አነበበችላት። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ እጇን ይዛ አብራት አለቀሰች። ለዚህ ማን ይከፍላታል?

ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፣ ዳኛም አጸደቀው። ስንት አገኛችሁ የምትሉኝ አላችሁ። በልጅነቱ ከኬንያ የመጣው ኢርቮ ኦቲዬኖ በ2023 ፒተርስበርግ አጠገብ ባለው ሴንትራል ስቴት ሆስፒታል ውስጥ ሲሞት ለቤተሰቡ 8.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል፤ ሁሉም እንደዚያ የሚመስለው አለ። እዚያ ከስቴቱ ሌላ ካውንቲውም ሸሪፉም ተጠያቂ ነበሩበት፣ ቪዲዮም ነበር። ስቴቱን ብቻ በሚጠይቁበት ሕግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው 100 ሺህ ዶላር ነው። ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ነግራናለች፤ በባዶ ተስፋ አልሸነገለችንም።

እባካችሁ የደረሰባችሁ ካላችሁ አፍራችሁ አትቀመጡ። የአእምሮ ሕመም ስለሆነ ለቅሶውን እንኳ በሹክሹክታ የተቀመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እኛም እንደዚያው ነበርን። በተለይ ዓመት ያልሞላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። ስሟንና ስልኳን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ እሷን የመሰለ ሰው አላየሁም፣ ደግሜ እላለሁ፣ አላየሁም።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው ደግሞ እማማ ቅዳሜ ቡና አፍልታ ትጠብቅሻለች። እንዳትቀሪ ብላለች።