ከልብ ላመሰግነው የምፈልገው የቧንቧ ሠራተኛ

ይህን የምጽፈው አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ለማመስገን ነው። በዚያውም ሽንት ቤቱ ተበላሽቶበት ወይም አዲስ ለማስገጠም አስቦ ሰው ለሚፈልግ ልጠቁመው ብዬ ነው። ስሙን በአደባባይ እንድጽፍ አልፈለገም። ስለ ሥራው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቤታችን ውስጥ ሁለት ሽንት ቤት አለ። የአንዱ ፍላሽ ሌት ተቀን ሲንሿሿ ያድራል። ሌላው መቀመጫው ይነቃነቃል፣ ከሥሩ ውሃ ይወጣል፣ ሽታው ደግሞ አያስቀምጥም። ቀደም ብሎ የመጣ ሌላ ሠራተኛ ከበር ላይ ቆሞ አየት አደረገና "ሁለቱም ወጥተው አዲስ ይግባ" ብሎን ሄደ። ምንም አልነካም፣ ምንም አልከፈተም።

ይሄኛው ወንድማችን ሲመጣ ግን ከመሣሪያው በፊት ጥያቄ ነበር ያወጣው። ድምፁ የሚሰማው ሁልጊዜ ነው ወይስ አልፎ አልፎ? ከሥር ውሃ የሚታየው ከተጠቀማችሁ በኋላ ነው ወይስ ዝም ብሎ? ሽታው የሚብሰው መቼ ነው? ሁሉንም በትዕግሥት ሰማ።

ከዚያ የሚንሿሿውን ፍላሽ ክዳን አንስቶ ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። ታንኩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አደረገና "ለተወሰነ ጊዜ ማንም ውሃ እንዳይለቅ" አለን። ቆይተን ስናይ ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ገብቷል። ማንም ሳይነካው ማለት ነው። ታንኩ ሥር ውሃውን ይዞ የሚያቆመው ጎማ መዝጋት አቅቶታል። ጎማውን አውጥቶ በጣቱ አሸት ሲያደርገው ጣቱ ጥቁር ሆነ። "አየሽ እህቴ፣ በልቶታል" አለኝ። ታንክ ውስጥ የሚጣል የክሎሪን ማጽጃ እንዲህ ዓይነቱን ጎማ ቶሎ እንደሚጨርሰውም ነገረኝ።

ሙሉ ሽንት ቤት ይቀየር የተባለው በዚች ትንሽ ጎማ ነበር። ቀየራት። የታንኩን ውሃ ከፍታም ከትርፍ መውረጃው ቱቦ አፍ ሁለት ሴንቲ ያህል ዝቅ እንዲል አስተካከለው። ውሃው እዚያ አፍ ላይ ከደረሰ ጎማው አዲስ ቢሆንም በቱቦው በኩል ሲፈስ ይውላል። እንዲህ ያለ ፍሳሽ ዓይን ላይ አይጎላም እንጂ በቀን ብዙ መቶ ሊትር ሊወስድ ይችላል። ያን ቀን ማታ ቤቱ ጸጥ አለ።

ሁለተኛው ላይ ደግሞ እውነቱን ሳይደብቅ ነገረን። ዙሪያውን በጨርቅ አድርቆ ውሃ ለቀቀ። ውሃው የወጣው ወዲያው ከሥሩ ነው፤ ስለዚህ ችግሩ ከሚገባው ቧንቧ ሳይሆን መቀመጫው ከወለሉ ቱቦ ጋር ከሚገናኝበት ነው። ባትሪ አብርቶ አንደኛው ቡሎን ያለበት ቀዳዳ ጋ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ አሳየን። "ይሄን ለጥፌ ብሄድ ነገ ትጠሩኛላችሁ፣ ሌላ ገንዘብ ታወጣላችሁ። ይሄኛው ይቀየር" አለ። የማይቀየረውን አትቀይሩ ያለ ሰው ስለሆነ፣ የሚቀየረውን ቀይሩ ሲል አመንነው።

አዲስ ከመግዛታችን በፊት ለክቶ ልኩን በወረቀት ጻፈልን። ከግድግዳው እስከ ወለሉ ቱቦ መሃል ስንት እንደሆነ፣ መውጫው ወደ ወለል ነው ወይስ ወደ ግድግዳ የሚለውን። ይህን ሳያውቁ ገዝቶ መምጣት ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ልኩ ካልገጠመ ወይ ዕቃው ይመለሳል ወይ ወለል ይፈረሳል። ማን እንደሚጠቀምበትም ጠየቀ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ይህን ሲሰማ ከፍ ያለ መቀመጫ እንድንመርጥ መከረን። እናቴን በጣም የጠቀማት ይሄ ነው፤ አሁን ያለማንም እርዳታ ትነሳለች። ፍላሹም ሁለት ቁልፍ ያለው እንዲሆን አሳሰበን። ለትንሹ 3 ሊትር፣ ለትልቁ 6 ሊትር አካባቢ የሚለቅ ማለት ነው። የድሮዎቹ በአንድ ጊዜ ከ10 ሊትር በላይ ይለቃሉ።

ገጠማውን ቆሜ አየሁት። ቫልቩን ዘጋ፣ የቀረውን ውሃ በስፖንጅ ጨልፎ አወጣ። አሮጌው በሲሚንቶ ተለጥፎ ስለነበር በመሮ ቀስ እያለ ቀርፎ አነሳው። ወዲያው የወለሉን ቱቦ አፍ በጨርቅ ወተፈ፤ ሽታው እንዳይወጣ፣ ፍርስራሽም እንዳይገባ። አዲሱን ከማስቀመጡ በፊት ጨርቁን ማውጣቱን ጮክ ብሎ ለረዳቱ አረጋገጠ። ይሄ ጨርቅ ተረስቶ ቱቦ ሲደፍን ስንቱ ቤት ተቸግሯል። አዲስ ማሸጊያ አደረገ፣ በውሃ ልክ አመጣጠነ፣ ቡሎኖቹን ትንሽ ግራ ትንሽ ቀኝ እያለ በየተራ አጠበቀ። አንዱን ብቻ አክርረው ቢያጠብቁት ሸክላው ይሰነጠቃል።

ሲሊኮኑን ዙሪያውን ሲቀባ ከኋላ በኩል ትንሽ ክፍት ተወ። ረሳው ብዬ ነገርኩት። "ሆን ብዬ ነው፤ አንድ ቀን ቢያፈስ ውሃው በዚህ ይወጣና ታዩታላችሁ። ሁሉንም ብደፍነው ወለሉን ውስጥ ለውስጥ ያበላሸዋል" አለኝ። ጨርሶም አልሄደም። ደጋግሞ ውሃ እየለቀቀ፣ በሶፍት ዙሪያውን እየጠረገ ደረቅ መሆኑን አይቶ፣ ቦታውን አጽድቶ ነው የወጣው። ሽታውም አብሮ ጠፋ።

ለምትፈልጉት ልንገራችሁ፣ ሥራ ስለሚበዛበት ወረፋ አለ። ቀን ሲቀየርበት ግን ራሱ ቀድሞ ይደውላል። ቸኩሎ የሚሠራም አይደለም፤ በግማሽ ሰዓት ይጨርስልኝ ለሚል ሰው አይሆንም። ዋጋውን ከጀመረ በኋላ አይቀይርም፤ አይቶ ይናገራል፣ በዚያው ይጨርሳል። ጉድጓድ ማስመጠጥና ቁፋሮ አይሠራም።

ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ ፈቅዶልኛል። ስትደውሉለት የፍላሹን ውስጥና ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን ቧንቧ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፤ የሚያስፈልገውን ዕቃ ገምቶ ይዞ ይመጣል።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እናቴም ስምህን እየጠራች ትመርቅሃለች።