የመኪና ቴፕ ስንቀይር፦ አንድሮይዱ ወይስ በስልክ የሚሠራው?

ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ለሚመላለስ ሰው እኔ የምመርጠው የራሱ ጂፒኤስ አንቴና ያለውን የአንድሮይድ ቴፕ ነው። ጂፒኤስ ያላችሁበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት ስለሆነ የስልክ ኔትወርክ አይፈልግም። ካርታው አስቀድሞ ከወረደ፣ ጣርማበር በጉም ሲሸፈንም ቀጣዩ ኩርባ ስክሪኑ ላይ ይታያል። እዚያው ያለው የመኪና መንገድ ዋሻ ውስጥ የሳተላይት ምልክት ይቋረጣል፤ ስትወጡ ይመለሳል። ስትገዙ ራሙን (ጊዜያዊ የሥራ ማህደረ ትውስታውን) ጠይቁ። 2 ጊጋባይት ያለው ካርታና ሙዚቃ አንድ ላይ ሲከፈቱ ይንቀራፈፋል፤ 4 ይሁን። አንቴናው ደግሞ ከፊት መስታወቱ ሥር ይቀመጥ፣ ብረት አይሸፍነው።

በካርፕሌይ (ለአይፎን) ወይም በአንድሮይድ አውቶ (ለአንድሮይድ ስልክ)፣ ማለትም የስልኩን ካርታና ሙዚቃ ቴፑ ስክሪን ላይ በማውጣት የሚሠራው ፈጣን ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ስልካችሁ ነዋ! በጎግል ማፕስም ካርታ አስቀድሞ ማውረድ ይቻላል። ግን የስልኩ ባትሪ ካለቀ መንገድ ጠቋሚውም አለቀ። ረጅም መንገድ ላይ ይሄ ያሳስበኛል። ድምፁን በሁለቱም የሚወስነው ባብዛኛው ስፒከሩ ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ግን በስልክ የሚሠራው ይሻላል።