የጥርስ ጤና ትምህርት በድምፅ፦ ከደብረ ብርሃን ተፈናቃዮች ጋር ያዳመጥሁት

ደብረ ብርሃን ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ወገኖቻችንን ያስጠለለች ከተማ ናት። ከሥራ ሰዓት ውጭ በአንድ መጠለያ ለሕፃናት ፊደል ሳስቆጥር፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በቴሌግራም በነፃ የሚያሰራጨውን የአፍና የጥርስ ጤና ትምህርት ከእናቶች ጋር ለሦስት ወር ያህል ተከታትያለሁ። አገልግሎቱ ሦስት ሦስት ደቂቃ የሚሆኑ የድምፅ መልእክቶች፣ ጥቂት ቪዲዮዎች፣ አጫጭር ጽሑፎችና የጥያቄ ክፍል አሉት። ያለ ማመንታት የምመክረው የድምፁን ክፍል ነው፤ የጥያቄው ክፍል ግን ብዙ ይቀረዋል።

በመጠለያው አንድ ስማርት ስልክ ለሁለትና ለሦስት ቤተሰብ ያገለግላል። ለቪዲዮ የሚገዛ የኢንተርኔት ጥቅል ከዳቦ መግዣው ላይ የሚነሣ ሲሆን፣ የድምፅ መልእክቱ ግን አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ አንዴ ከወረደም በሚሞሪ ካርድ ወይም በብሉቱዝ ወደ ተራው ስልክ ይተላለፋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ መቆየቱን ለምናስታውስ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገበሬው 8028 ደውሎ የእርሻ ምክር እንደሚያዳምጥ ሁሉ፣ ይህም ትምህርት አንድ ቀን በአጭር ቁጥር ቢሰጥ ምኞቴ ነው።

ከሁሉ የወደድሁት ስለ ጥርስ ሳሙና የሚያስተምረውን መልእክት ነው። አንድ ጠዋት የውሃ ቦቴ በሚጠበቅበት ሰልፍ ላይ ስልኬን ቢጫ ጀሪካን ላይ አስቀምጬ ከፈትሁት። ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ፍሎራይድ፣ ማለትም ጥርስን ከመበላት የሚጠብቅ ማዕድን፣ ያለው ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ እንዲያገለግል፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው ደግሞ የአተር ፍሬ ያህል እንዲደረግ ይመክራል፤ ከተቦረሸ በኋላም አረፋውን መትፋት እንጂ በብዙ ውሃ መጉመጥመጥ እንደማያስፈልግ፣ ፍሎራይዱ ጥርስ ላይ መቆየት እንዳለበት ያስረዳል። ለውሃ ተሰልፎ ለሚውል ሰው ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ምክር አላውቅም። አንዲት እናት «እንዴ መምህር፣ ለካስ መድኃኒቱን አጥበን ነው የምንደፋው!» አሉ። ወዲያው ከጎረቤታቸው አንድ የሩዝ ፍሬ አስመጥተው በልጃቸው ቡርሽ ላይ ከሳሙናው አጠገብ አስቀመጡና ትርፉን በጣታቸው ጠረጉት።

ትምህርቱ መፋቂያን አለማጣጣሉ ያስመሰግነዋል። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ እኔ እስከ ዛሬ በወይራ መፋቂያ ነው የኖርሁት» ብለውኝ ነበርና፣ መፋቂያው ቆሻሻን በደንብ እንደሚያነሣ፣ ነገር ግን ድድ እንዳያቆስል ጫፉ እስኪለሰልስ መታኘክ እንዳለበትና ፍሎራይድ ስለሌለው ሳሙና ቢጨመርበት እንደሚሻል ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ግግ የሚናገረው መልእክት ግን በዝምታ ነው የተደመጠው። ሕፃን ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው በድዱ ላይ የሚታየውና ግግ የሚባለው እብጠት ሊወጣ የተቃረበ የወተት ጥርስ መሆኑን፣ እርሱን በስለት መቧጠጥ ደም እንደሚያፈስ፣ ለኢንፌክሽን እንደሚዳርግና ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽ እንደሚችል ሐኪሙ ማንንም ሳይነቅፍ በእርጋታ ያስረዳል። እናቶቹ ሦስት ጊዜ ደጋግመው አስከፈቱኝ።

ጽሑፎቹን በተመለከተ አዘጋጆቹ ያላሰቡት አንድ ጉዳይ አለ። ከወለጋ የመጡት ብዙዎቹ ልጆች ቤታቸው ውስጥ አማርኛ ቢናገሩም የተማሩት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ የሚያነቡት ቁቤ ነው፤ ለታላላቆቻቸው እንዲያነቡ የተላከው የአማርኛ ጽሑፍ ለእነርሱም ዝግ ነው። ጽሑፉ በሁለቱም ፊደል ቢቀርብ፣ ድምፁም በአፋን ኦሮሞ ቢቀረጽ ተጠቃሚው ይበዛል።

የጥያቄውን ክፍል የተጠቀምሁበት የአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጉንጭ ባበጠ ጊዜ ነው። እናቱ የተበላው ጥርስ ላይ ቅርንፉድ አድርገውለት ነበር፤ ሕመሙ ግን አልታገሠም። ፎቶ አንሥቼ ላክሁ፤ «ወደ ጥርስ ሐኪም ውሰዱት» የሚለው መልስ የደረሰኝ በአራተኛው ቀን ነው። እኛ በማግስቱ ትኩሳቱን አይተን ሆስፒታል ወስደነው ጥርሱ ተነቅሎ መድኃኒት ጀምሮ ነበር። ፊት ማበጥ ከትኩሳት ጋር ሲመጣ፣ በተለይም አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ሲያቅት፣ በዚያው ዕለት ሕክምና መድረስ ግድ ነው፤ መልስ እየተጠበቀ የሚታደርበት ነገር አይደለም። ይህ ማስጠንቀቂያ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚገባ ሰው ሁሉ አስቀድሞ እንዲሰማው በድምፅ ተቀርጾ ከላይ እንዲቀመጥ ለአዘጋጆቹ ጽፌላቸዋለሁ። እነርሱ እስኪያደርጉት ድረስ እኔው በራሴ ድምፅ ቀርጬ፣ ለእናቶቹ በምቀዳላቸው ሚሞሪ ካርድ ላይ ከሌሎቹ መልእክቶች ሁሉ ፊት አስቀምጬዋለሁ።