ቬተርነሪ መማር ለምታስቡ የጎንደር ልጆች አንድ ሰው ልጠቁማችሁ

ሰላም ጎንደሮች እንዴት ናችሁ። ይሄን ፖስት ከመጻፌ በፊት ሰውዬውን አስፈቅጃለሁ፣ ጻፊው ግን ስሜንም ስልኬንም እንዳታወጪ ስላለኝ አላወጣም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ እነግራችኋለሁ። አዘዞ በኩል የእንስሳት መድኃኒት ቤትና ከጎኑ ትንሽዬ ክሊኒክ ያለው ሀኪም ነው። እዚያ አካባቢ የወተት ላም ያላቸው ሰዎች ያውቁታል፣ ባለጋሪዎቹማ ዶክተር ሲባል ሌላ ሰው ያለም አይመስላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬሽማን እየጨረስኩ ዲፓርትመንት ልሞላ ስል ቤተሰብ ሁሉ ሀሳብ ሰጪ ሆነ፣ ሜዲስን ካልመጣልሽ ፋርማሲ ሙይ የሚለው አለ፣ ነርሲንግ የሚለው አለ፣ "የከብት ሀኪም ሆነሽ ማን ያገባሻል" ያለችኝም አለች (አክስቴ ይሄን እንደምታነቢው አውቃለሁ ❤)። እነሱም አይፈረድባቸውም፣ ጎንደር ላይ ህክምና ከተባለ የሰው ህክምና ነው ቀድሞ ሚታሰበው፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው የጀመረው። እዚሁ ከተማ የእንስሳት ህክምና ትምህርት እንዳለ የማያውቅ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ።

ደግሞ እኛ ጋ ዲፓርትመንት ሚደርስሽ በውጤትና በምርጫ ነው፣ ላም ነክተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ሚጠይቅ የለም። 6 ዓመት ሚማሩትን ነገር አንዴም ሳያዩት የሚሞሉ ልጆች ብዙ ናቸው። አሜሪካ ያለች የአጎቴ ልጅ ለቬተርነሪ ስትዘጋጅ ያየሁት ግን ሌላ ነው፣ እዚያ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ዲግሪውን ይይዛል፣ ከዚያ ሲያመለክት በሀኪም ስር ሆኖ የሰራበት ሰዓት ለብቻ፣ ሀኪም በሌለበት ከእንስሳት ጋር የሰራው ደግሞ ለብቻ ይሞላል፣ የድጋፍ ደብዳቤም ብዙ ጊዜ ከሀኪም ይጠየቃል። እሷ ናት "ባይጠይቁሽም ለራስሽ ስትይ ሂጂና እዪው" ያለችኝ።

ማን ያስገባኛል ታዲያ? ሌላ ቦታ ጠይቄ ደብዳቤ የለሽ፣ ተማሪ አይደለሽ ተብዬ ተመልሻለሁ። ዶክተሩ ጋ ስሄድ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ቦቲ ጫማ አለሽ?" አለኝ፣ አለኝ አልኩት፣ "በይ ነገ በጠዋት ነይ"። በቃ።

መጀመሪያ ላይ መርፌ ምናምን እንዳታስቡ። ጋዋን ለብሼ ደብተር ይዤ መቆም፣ ክራሹን (ከብቱ ሲታከም የሚቆምበትን ማጠሪያ) ማጠብ፣ ገመድ ማቀበል፣ የተጠቀመበትን ዕቃ መቀቀል፣ ይሄ ነው። ደብተሩ ላይ ዕድሜ፣ ዝርያ፣ መቼ ወለደች፣ ምን በላች፣ መቼ ጀመራት፣ ከዚህ በፊት ምን ተወጋች፣ እያለ ያስሞላኛል፣ ማታ ላይ ያየውና የዘለልኩትን ያሳየኛል። ፈረስ ሳታናግሪ ከኋላው እንዳትሄጂ፣ ላም ወደ ጎንም ትራገጣለች፣ ቴርሞሜትር ክር አስረሽ ጭራዋ ላይ በመቆንጠጫ ሳትይዢው እንዳትለቂው፣ ይሄን ሁሉ እየሰራ ነው ሚነግርሽ፣ ቁጭ አድርጎ ሌክቸር አይሰጥም።

አንድ ቀን የአንዲት እናት ዲቃላ ላም መብላት አቁማ ሄድን። ዶክተሩ እጄን ይዞ ከመጨረሻው ጎድን ኋላ በግራ በኩል ያለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ አደረገውና "ጡጫሽን ተጫኚና ዝም ብለሽ ጠብቂ" አለኝ። እንደገባኝ ጤነኛ ላም ላይ በ2 ደቂቃ ውስጥ 3 ጊዜ ያህል ከውስጥ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ተነስቶ እጅሽን ገፋ አድርጎሽ ይመለሳል፣ ጎረቤት ያለችው ላም ላይ አስሞክሮኝ ስለነበር አውቀዋለሁ፣ ደስ ሚል ነገር ነው። የዚችኛዋ ግን ምንም። ቆየሁ፣ ምንም። ባለቤቷን ምን በላች ሲላቸው "ኧረ ልጄ እንደወትሮዋ ነው፣ ድርቆሽና ትንሽ ፋጉሎ" አሉ። ዶክተሩ ዝም ብሎ ደጅ ላይ ወደሚጫወተው ልጅ ሄደና "ጎበዝ፣ ላሟ ትናንት ምን ሰረቀች?" አለው። ልጁ እየሳቀ "ዱቄቱን! ጆንያውን ገልብጣ!" ሴትየዋ ራሳቸውን ያዙ 😂 ዱቄትና እህል በአንዴ ሲበዛባት ሆዷ ውስጥ አሲድ ይበዛና ሆዱ መስራት ያቆማል፣ ሊገድላትም ይችላል። በሶዳ (ሶዲየም ባይካርቦኔት) አከማት፣ ዱቄት ነክ ነገር ሁሉ ከልክሎ ድርቆሽ ብቻ አዘዘላት፣ እየተመላለሰ አያት፣ ዳነች። (እባካችሁ ይሄን አንብባችሁ ቤት ውስጥ ሶዳ እንዳትበጠብጡ፣ መጠኑን ሚያውቀው እሱ ነው።) ደብተሬ ላይ "ምን በላች" የሚለው ጎን "ልጆቹንም ጠይቂ" ብሎ በራሱ እጅ ጻፈልኝ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ አባት በሬያቸው ሲያድር ደህና የነበረ ጠዋት ሞቶ ተገኘ ብለው ጠሩት። ሩቅ አቁሞኝ ሄደ፣ ከአፍንጫው ጠቆር ያለ ደም ወርዷል። ሰዎቹ ቆዳውን እንኳ እንግፈፍ እያሉ ቢላ ይዘው ቆመዋል፣ ድምጹን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ "አያ፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ ማንም እንዳይነካው!" አለ። በድኑ ከተከፈተ ጀርሙ አየር ሲያገኝ እንደ ዘር ሆኖ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል፣ ሰውንም ይይዛል። ለመንግስት እንስሳት ጤና ደውሎ በጥልቅ ጉድጓድ እስኪቀበር ድረስ ከዚያ አልሄደም፣ ለዚያ ቀን ደግሞ ማንም አልከፈለውም።

ስራ ሲቀዘቅዝ ያወራል። የክፉ ቀንን ታሪክ አያቶቻችን እንደ ረሀብ ነው የነገሩን አይደል፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን፣ መነሻው ግን የከብት በሽታ ነው፣ የደስታ በሽታ በሬውን ጨረሰውና የሚያርስ ጠፋ። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ፣ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ጨርሶ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው፣ በክትባት። ይሄን የሰማሁ ቀን ቤት ሄጄ ለአክስቴ ነገርኳት፣ ስለ ባል አላነሳችም።

ግን አንድም ቀን "ይሄን ሙይ" አላለኝም፣ በዚህ ነው ከሁሉም በላይ ማመሰግነው። እንዲያውም መጥፎውን ደብቆ አያውቅም፣ ሌሊት 8 ሰዓት ለምጥ ሲጠራ ጠዋት ይነግረኛል፣ በዱቤ አሳክሞ የጠፋውን ሰው መዝገብ ያሳየኛል፣ ጥጃዋ ሞታ ስትወጣ ባለቤቶቹ እንዴት እንደሚያዩት አይቻለሁ። አብራኝ የጀመረች ጓደኛዬ አይታ አይታ ይሄ የኔ አይደለም ብላ ሌላ ሞላች፣ እሱ ደግሞ "ጎበዝ፣ አሁን ማወቅሽ ይሻላል" ብሎ ሻይ ጋበዛት። እኔ ቬተርነሪን አንደኛ ምርጫ አድርጌ ሞላሁ፣ ደረሰኝም።

እንስሳ ላላችሁም ልንገራችሁ። እንስሳውን ሳያይ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ አንቲባዮቲኩን) አይሸጥላችሁም፣ እንዳትናደዱ። ላም ወግቶ ወተቱን እስከዚህ ቀን እንዳትሸጡ ካለ የምሩን ነው፣ ጥጃው ይጠጣው ወይ ለቤት ይሁን ብላችሁ አትከራከሩት። ገጣባ ያለው የጋሪ ፈረስ ስታመጡ መጀመሪያ ሚያየው ፈረሱን ሳይሆን ዕቃውን (የጋሪ ማሰሪያውን) ነው፣ ናይለኑን አስወልቆ በጥጥ ጨርቅ ካላስጠቀለላችሁ ቅባት ቢሰጣችሁም ቁስሉ ተመልሶ ይመጣል ይላችኋል። ዋጋው ደግሞ ተመጣጣኝ ነው፣ የሌለውን ሰው እንዴት እንደሚያስተናግድ አይቻለሁ ግን ጻፊው ስላላለኝ ልተወው።

ጉድለቱንም ልናገር፣ ስራ ላይ ሆኖ ስልክ አያነሳም፣ እሁድ አይገኝም፣ ቀልድ ሚመስል ግልምጫ አለው። ተማሪ ደግሞ ከአንድ ወይ ከሁለት በላይ አይቀበልም፣ ስለዚህ ተሰብስባችሁ እንዳትሄዱ። ያልታወቀ ውሻ እንድትነኩ አይፈቅድም፣ ከነከሳችሁ ወይ ከጫራችሁ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አስጥቦ ወዲያው ለክትባት ጤና ጣቢያ ነው ሚልካችሁ፣ ቤተሰብ እንዳይሰጋ ብዬ ነው።

ዶክተርዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለባለቤትህም፣ የጾም ቀን ሽሮዋን በልቼ አልጠግብም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲዘጋ እመጣለሁ፣ ደብተሩ አልቋል፣ አዲስ ገዝቻለሁ።